የፈረስን ብቃትና ትንፋሽ በምን እንለካ? ዓይን፣ ማዳመጫ፣ ቀበቶ ወይስ የደም ምርመራ

ሽምጥ ጋልቦ የቆመ ፈረስ ሲታይ የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፈው ሽንጡ ላይ ነው። ሽንጡ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ሲነፋና ሲሟሽሽ «አልቋል» ይባላል፤ ቶሎ ከረጋ ደግሞ «ጉልበታም ነው»። በዚህ ፍርድ ፈረስ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ለጉግስ ይመረጣል። ፍርዱ ብዙ ጊዜ ይስታል። የሚስተው ተመልካቹ ፈረስ ስለማያውቅ አይደለም፤ የሚያየው ነገር የሚፈልገውን ስለማይነግረው ነው።

አዲስ አበባ መሐል ፈረስ የሚይዝ፣ የሚጋልብ ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው ሊመርጣቸው የሚችሉ መንገዶች አምስት ናቸው፦ ዓይንና ጆሮ፣ የልብ ማዳመጫና ሰዓት፣ የልብ ምት ቀበቶ፣ የላክቴት ምርመራ፣ የጉሮሮ ካሜራ። አምስቱ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ አይደለም። አንዱን ብቻ ይምረጡ ከተባለ ግን የእኛ ምርጫ ማዳመጫና ሰዓት ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ስለ ትንፋሹ ራሱ ማወቅ ያስፈልጋል።

በግልቢያ ላይ ትንፋሽ የሚቆጥር ሰው ኮቴ እየቆጠረ ነው

መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ የሚሮጥ ሰው ትንፋሹን እንደ ፍላጎቱ ያስተካክላል፤ ሲቀለው በየሁለት ሦስት እርምጃው፣ ሲከብደው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ፈረስ ግልቢያ ከገባ በኋላ ይህ ምርጫ የለውም። በእያንዳንዱ ዝላይ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይተነፍሳል። የፊት እግሮቹ ወደ ፊት ሲዘረጉ አየር ይስባል፤ ክብደቱ የፊት እግሮቹ ላይ ሲያርፍ ያስወጣል። በደቂቃ 120 ጊዜ ከዘለለ 120 ጊዜ ተነፈሰ ማለት ነው። ሦስት ወር የሠለጠነውም፣ ትናንት ከግጦሽ የመጣውም እዚህ ላይ እኩል ናቸው። በሶምሶማ ጊዜ ይህ ማሰሪያ ይላላል፤ በእርምጃ ጊዜ ጨርሶ የለም።

በዚያ ላይ ፈረስ በአፉ አይተነፍስም፤ የሚገባውም የሚወጣውም አየር በሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ያልፋል። ሲያርፍ በአንድ ትንፋሽ 5 ሊትር ገደማ የሚስበው እንስሳ በሙሉ ግልቢያ 12 እና ከዚያ በላይ ሊትር ይስባል። መንገዱ ትንሽ ከጠበበ ችግሩ ሲጋልብ እንጂ ሲያርፍ አይታይም።

ሌላው በብዙ ጋላቢዎች ዘንድ የተሳሳተው ነገር «ትንፋሹን ላሠልጥነው» የሚለው አነጋገር ነው። ሥልጠና ልብን፣ ጡንቻንና ደምን ይለውጣል፤ ሳንባን ግን እምብዛም አይለውጠውም። ሠልጥኖ የተሻሻለ ፈረስ ትንፋሹ የሚረጋው ሳንባው ስለሰፋ አይደለም፤ ልቡና ጡንቻው ለዚያው ሥራ ትንሽ ስለሚከፍሉ ነው። ብቃትን ለማወቅ ልብን የምንከተለው ለዚህ ነው። ትንፋሽን የምንከተለው ደግሞ በሽታንና ሙቀትን ለማወቅ ነው። ሁለቱ ሲምታቱ ነው ገንዘብ የሚጠፋው።

ዓይንና ጆሮ

ዋጋው ምንም ነው፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፤ ብቃትን ለመለካት ሳይሆን እንከንን ለመያዝ።

መነሻው የዕረፍት ቁጥር ነው። ጤናማ ፈረስ በጥላ ሥር ቆሞ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ከጎኑ ቆመው የሽንጡን መነሳትና መውደቅ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። እጅ አፍንጫው ላይ አያድርጉ፤ ማሽተት ይጀምርና ቁጥሩ ይበላሻል። ሳይሠራ ከ20 በላይ ከሆነ፣ ወይም አየር ሲያስወጣ ሆዱ ሁለት ጊዜ ከተጨማደደ፣ ወይም ከጎድኑ በታች እንደ ገመድ የተሳለ መስመር ከታየ ያ ፈረስ ለሙከራ ሳይሆን ለሐኪም የሚቀርብ ነው። ይህ መስመር በአብዛኛው የአስም ምልክት ነው። መንስኤውም እዚሁ በረቱ ውስጥ አለ፦ የጤፍ ጭድ ብናኝ፣ ደረቅ ፉርሽካ፣ የሻገተ ድርቆሽ። ጭዱን ውኃ አርከፍክፎ ከመሬት ማብላት ብቻውን ብዙ ፈረስ ያሻሽላል።

በግልቢያ ጊዜ ደግሞ ጆሮ ይቅደም። ድምፁ የሚሰማው ሲስብ ነው ወይስ ሲያስወጣ? በዓይን የሚለየው ከላይ በተባለው ምት ነው፤ የፊት እግሮቹ አየር ላይ ተዘርግተው ከተሰማ የመሳብ፣ መሬት ላይ አርፈው ከተሰማ የማስወጣት ድምፅ ነው። በየዝላዩ ሲያስወጣ አፍንጫው እንደ ጨርቅ የሚርገበገብ ፈረስ ምንም የለበትም፤ እንዲያውም ሲሞቀው ድምፁ ይቀንሳል። ሲስብ የሚያፏጭ ወይም እንደ መጋዝ የሚያጓራ ግን በአብዛኛው የግራ ጉሮሮው ነርቭ ተጎድቶ መንገዱ ጠቧል፤ ፍጥነት ሲጨምር ድምፁም ይጨምራል። ሦስተኛው ዓይነት ሲያስወጣ የሚንቀረቀር ድምፅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወደ ግልቢያው መጨረሻ በድንገት ይመጣና ፈረሱ እንደታነቀ ፍጥነቱን ይጥላል። ይህ ለስላሳው ላንቃ ከቦታው ሲነሳ የሚሆን ነው።

ከመፍረድዎ በፊት ልጓሙን ይዩ። የአገራችን ቀለበት ልጓም ብርቱ ነው፤ ዛቡ ጠብቆ ሲያዝ ፈረሱ አገጩን ወደ ደረቱ ያጥፋል፣ የጉሮሮው መታጠፊያም ይጠባል። ጤነኛው ፈረስ በጋላቢው እጅ ምክንያት ማጓራት ይጀምራል። ዛቡ ላልቶ፣ አንገቱ ተዘርግቶ ድምፁ ከጠፋ ሕመሙ ከፈረሱ ሳይሆን ከእጁ ነው።

ማዳመጫና ሰዓት

ለሰው የሚሸጠው ተራ ማዳመጫ ለፈረስ ይሠራል። ከግራ የፊት እግሩ ክርን ጀርባ፣ ወደ ደረቱ ውስጥ ትንሽ ገፋ አድርገው ያሳርፉት፤ ፈረሱ እግሩን ትንሽ ወደ ፊት ቢያራምድ ይበልጥ ይሰማል። የሚሰማው ድርብ ድምፅ ነው፤ ዱም-ታ። ሁለቱ አንድ ምት ናቸው። ጀማሪዎች ሁለቱን ለየብቻ ቆጥረው 40 የሆነውን 80 ይሉና ይደነግጣሉ። ማዳመጫ ከሌለ በታችኛው መንጋጋ ጠርዝ ሥር የሚያልፈውን ደም ሥር በሁለት ጣት መዳሰስ ይቻላል፤ ግን ላብ ያጠመቀውና የሚቁነጠነጥ ፈረስ ላይ አስቸጋሪ ነው።

በዕረፍት ጊዜ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። እዚህ ላይ 60 ሰከንድ ሙሉ ይቁጠሩ፤ ምቱ ዝግ ስለሆነ በ15 ሰከንድ ላይ አንድ ምት መሳት በደቂቃ የ4 ስሕተት ነው። ከሥራ በኋላ ግን ተቃራኒው ነው፤ ልቡ እየተቆጠረ ሳለ ስለሚወርድ 15 ሰከንድ ብቻ ቆጥረው በ4 ያባዙ። በዕረፍት ጊዜ አልፎ አልፎ አንድ ምት የሚዘል ፈረስ ቢያጋጥም አይደንግጡ፤ ይህ በጤነኛና በሠለጠነ ፈረስ ላይ የተለመደ ነው፣ እንቅስቃሴ ሲጀምር ይጠፋል። በእንቅስቃሴ የማይጠፋ ከሆነ ግን ሐኪም ይይ።

ፈተናው ይህን ይመስላል። 10 ደቂቃ በእርምጃና በሶምሶማ ያሟሙቁ። ከዚያ 800 ሜትር በ2 ደቂቃ ያስጋልቡ፤ ይህም በየ200 ሜትሩ 30 ሰከንድ፣ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እንደቆመ ሰዓቱን ያስነሱ፤ በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ ላይ ልቡን፣ ቀጥሎ ትንፋሹን ይቁጠሩ። በመካከል ቀስ ብሎ ይራመድ እንጂ ተገትሮ አይቁም። የልብ ምት ከቆመበት ቅጽበት ጀምሮ በመጀመሪያው ደቂቃ በጣም ስለሚወድቅ «ትንሽ ቆይተን ቆጠርን» የሚባለው ውጤት ከሌላ ቀን ጋር አይወዳደርም።

እንበል ሁለት ፈረሶች ቀረቡ፤ አንዱ ዳማ፣ አንዱ አምባላይ። በ2ኛው ደቂቃ ዳማው በ15 ሰከንድ 24 ምት፣ ማለትም 96፤ አምባላዩ 31፣ ማለትም 124። በ5ኛው ደቂቃ ዳማው 72፣ አምባላዩ 100። በ10ኛው ዳማው 56፣ አምባላዩ 80። ትንፋሹ ግን እንዲህ ነበር፦ በ2ኛው ደቂቃ ዳማው 88፣ አምባላዩ 72፤ በ10ኛው 36 እና 32። ሽንጥ ያየ ሰው አምባላዩን ይመርጣል። ልብ የቆጠረ ሰው ዳማውን ይመርጣል፤ ትክክሉም እሱ ነው። ዳማው ይበልጥ ያለከለከው ምናልባት ሙቀቱን በትንፋሽ እያስወጣ ስለሆነ ነው፤ አምባላዩ ግን ለተመሳሳይ ሥራ ልቡ ገና አልተመለሰም።

ለፍርድ የሚሆኑ ወሰኖች፦ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ64 በታች የወረደ ፈረስ ለዚያ ሥራ በቂ ነው። በረጅም ርቀት ውድድሮችም 64 ሐኪሞች ፈረስን የሚያሳልፉበት ቁጥር ነው። በ10ኛው ደቂቃ 80 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሥራው በዝቶበታል፣ ወይም ሕመም አለ። «ወይም ሕመም» የምንለው በከንቱ አይደለም። የሚያነክስ እግር፣ የውኃ እጥረት፣ የሆድ ቁርጠት ሁሉም ልብን ከፍ አድርገው ያቆያሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ሲል በደፈናው «አልሠለጠነም» ከማለት በፊት ፈረሱን በደረቅ መሬት በሶምሶማ አስሮጦ የእግሩን አጣጣል ማየት ይገባል።

ተጨማሪ ማጣሪያ አለ። በ10ኛው ደቂቃ ከቆጠሩ በኋላ ፈረሱን 40 ሜትር በሶምሶማ ይውሰዱና ይመልሱት፤ መሮጥ ከጀመረበት አንድ ደቂቃ ሲሞላ ደግመው ይቁጠሩ። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ወይም ከቀነሰ መልካም። በ4 ከጨመረ ጥርጣሬ ነው፤ በ8 ከጨመረ የዕለቱ ሥራ ይብቃ።

የማዳመጫው ድክመት ሁለት ነው፤ አንዱ፣ ፈረሱ ሲጋልብ ልቡ ስንት እንደደረሰ አይናገርም። ሌላው ረብሻ ነው። የታክሲ ጥሩምባ፣ ባዝራ፣ የሚሯሯጥ ልጅ ምቱን በአንድ አፍታ ብዙ ሊያዘልለው ይችላል። ድንገት ከፍ ያለ ቁጥር ካገኙ ግማሽ ደቂቃ ጠብቀው ይድገሙ።

የልብ ምት ቀበቶ

ፖላርን የመሳሰሉ አምራቾች ለፈረስ የሚሆን ቀበቶ አላቸው፤ የልብን ኤሌክትሪክ የሚይዙ ሁለት ቁራጮች (ኤሌክትሮድ) በግራ ጎን ተቀምጠው ምቱን ወደ ሰዓት ወይም ስልክ ይልካሉ። ማዳመጫው የማይችለውን የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ በግልቢያው መሐል ያለውን ምት ያሳያል። በሶምሶማ ከ90 እስከ 140 አካባቢ፣ በብርቱ ግልቢያ ከ180 በላይ ይሆናል፤ የአብዛኛው ፈረስ ጣሪያ ከ220 እስከ 240 ባለው ውስጥ ነው። ጣሪያው በሥልጠና አይነሳም። የሚለወጠው ልቡ 200 ሲመታ ፈረሱ ያለበት ፍጥነት ነው።

ያንን ለማግኘት በአንድ ቀን ሦስት ደረጃ ያስጋልቡ፤ እያንዳንዱ 2 ደቂቃ ይቆይ፣ በመካከል ፈረሱ ይራመድ። መጀመሪያ 200 ሜትርን በ40 ሰከንድ፣ ከዚያ በ30፣ ከዚያ በ24። በስልኩ ጂፒኤስ ፍጥነቱን፣ በቀበቶው የመጨረሻውን 30 ሰከንድ ምት ይመዝግቡ። ከ120 እስከ 210 ባለው ውስጥ ፍጥነትና ምት በቀጥታ መስመር አብረው ስለሚወጡ ሦስቱን ነጥብ በወረቀት ላይ አገናኝቶ 200 ላይ የሚደርሰውን ፍጥነት ማንበብ ይቻላል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ያ ፍጥነት ከፍ ካለ ሥልጠናው ሠርቷል።

የሚበላሸው በብዛት ከደረቀ ኤሌክትሮድ ነው። ፈረሱ በእርምጃ ላይ እያለ ሰዓቱ 230 ካሳየ ወይም ዜሮ ካለ ፈረሱን ሳይሆን ቀበቶውን ይጠርጥሩ፤ ጠጉሩን ጨው በገባበት ውኃ አርጥበው እንደገና ያጥብቁ። ሌላ ተንኮለኛ ስሕተት አለ፤ የፈረስ የልብ ሞገድ ጉልህ ስለሆነ መሣሪያው አንዱን ምት ሁለት ብሎ ሊቆጥር ይችላል። በጸጥታ የቆመ ፈረስ 84 ካሳየ ማዳመጫውን ያድርጉ፤ 42 ከሰሙ ነገሩ ግልጽ ነው። የእንጨት ኮርቻ ሥር የሚገባው ኤሌክትሮድም በግልቢያ ይንሸራተታል፤ በክርኑ ጀርባ የሚዞር ሰፊ የላስቲክ ቀበቶ ይሻላል። ገንዘቡ ለመደበኛ ሥልጠና ዋጋ አለው፤ በወር አንዴ እንጦጦ ለሽርሽር ለሚወጣ ሰው ግን የተሰቀለ ጌጥ ነው።

የላክቴት ምርመራና የጉሮሮ ካሜራ

ላክቴት ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ ወደ ደም የሚለቀው ንጥረ ነገር ነው፤ በደም ውስጥ 4 ሚሊሞል በሊትር የሚደርስበትን ፍጥነት መፈለግ የሩጫ ፈረስ አሠልጣኞች ዘዴ ነው። ለሰው የተሠሩት ትናንሽ መሣሪያዎች በፈረስ ደም ላይ ይዛባሉ፤ ምክንያቱም በብርቱ ሥራ ጊዜ ጣፊያው ያከማቸውን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚረጭ በደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሱ ድርሻ ከ40 በመቶ አካባቢ ተነስቶ ከ60 በላይ ሊደርስ ይችላል። ደም የሚቀዳ ሐኪም፣ በትክክለኛው ደቂቃ፣ ጊዜው ያላለፈ ስትሪፕ (ደሙ የሚንጠባጠብበት መመርመሪያ) ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ለግለሰብ ባለቤት አንመክረውም።

ካሜራው ብቃት አይለካም። የሚያፏጭ ወይም የሚንቀረቀር ፈረስ ጉሮሮው ውስጥ ምን እንዳለ ያሳያል፤ ከግልቢያ በኋላ ከገባ ደግሞ በሳንባ ውስጥ ደም መኖሩን ያሳያል። ቆሞ የተመረመረ ፈረስ «ንጹሕ» ቢባልም ሲጋልብ ብቻ የሚነሳው ላንቃ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ሲጋልብ ድምፁን በስልክ ቀርጾ ለሐኪሙ መውሰድ ግማሽ ምርመራ ነው። መነሻ የሚሆነው ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው፤ ከመሄድዎ በፊት መሣሪያው መኖሩን ደውለው ያረጋግጡ።

የአዲስ አበባ አየርና መሬት

ከተማው 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ አንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ሱሉልታ ወይም ደብረ ብርሃን የተወለደ ፈረስ ይህን አያውቀውም። ከስምጥ ሸለቆ የመጣ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለተመሳሳይ ሥራ ልቡ ከፍ ይላል፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳያልፍ በብርቱ አይፈተን። የውጭ የፍጥነት ሰንጠረዥም እዚህ እንዳለ አይሠራም፤ ፈረሱን ከራሱ ያለፈ ወር ጋር ያወዳድሩ።

በሌላ በኩል የከተማው አየር ቀዝቃዛና ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። ቆላ ላይ ፈረስ በሙቀት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ቢያለከልክ፣ አልፎም ትንፋሹ ከልቡ ምት በልጦ ቢቆጠር ያስኬዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ግልቢያው ካበቃ ከ20 ደቂቃ በኋላም የሚያለከልክ ፈረስ ግን ሰበቡ የአየሩ ሙቀት አይመስልም። ቴርሞሜትር በፊንጢጣው ያስገቡ። ከ40 ዲግሪ በላይ ከሆነ መላ አካሉ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሳያቋርጡ ያፍስሱ፣ ይጠጣም። «የሞቀ ፈረስ ውኃ ከጠጣ ይሞታል» የሚለውን ይተዉት።

መሬቱን በተመለከተ ጃንሜዳ ለረጅም ዘመን የፈረስ እሽቅድምድምና የጉግስ ሜዳ የሆነው ሰፊና በመሐል ከተማ ለጥ ያለ ስለሆነ ነው፤ ለፈተናም ክፍት ሲሆን ከእንጦጦ አቀበት ይመረጣል። አቀበት ለሥልጠና ድንቅ ነው፤ ለመለኪያ ግን ተዳፋቱ ተመሳሳይ ስለማይሆን ውጤቱን ያምታታል። የሐምሌ ጭቃና የጥር አቧራ ደግሞ ሁለቱም ቁጥሩን ያበላሻሉ፤ ጭቃው ልብን ይጨምራል፣ አቧራው ያስላል። የጋላቢውም ክብደት አንድ ይሁን። የእኛ ፈረሶች ትናንሽ ናቸው፤ ለ250 ኪሎ ፈረስ ከነኮርቻው 50 ኪሎ ጭነት አንድ አምስተኛው ነው፤ 75 ኪሎ ሰው ተቀምጦበት ያልተመለሰ ልብ ስለ ሥልጠናው ብዙ አይናገርም።

የዕረፍት ሙቀቱ ከ38.5 በላይ የሆነ፣ ወፍራም ንፍጥ ያለበት ወይም የሚያስል ፈረስ ጨርሶ አይፈተን። ከክረምት መውጫ እስከ ኅዳር ድረስ ትኩሳት ከዓይኑ በላይ ካለ እብጠት ጋር ከታየ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይጠራ። ከግልቢያ በኋላ አንገቱን ሲያቀረቅር ከአፍንጫው ደም ከወጣም ሥራው ይቁም፤ ደሙ በብዛት የሚመጣው ከሳንባ እንጂ ከአፍንጫ አይደለም። ለዚህ ነው ፈረሱን ጋልበው ወዲያው ወደ በረት ከመመለስ ይልቅ ለአንድ ሰዓት ያህል አፍንጫውን ማየት የሚያስፈልገው።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ልጆችን ጭኖ በእርምጃ ለሚያዞር ፈረስ ባለቤት የዕረፍት ቁጥርና ዓይን ይበቃል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ለሚጋልብ ሰው ማዳመጫና ደብተር። ለጉግስ አጫጭር ፍጥነቶች ስለሚደጋገሙ ከአንዱ እስከ ሌላው ባለው 2 ደቂቃ ውስጥ ልቡ ከ100 በታች መውረዱን መመልከት ከ10ኛው ደቂቃ ቁጥር ይበልጣል። ለረጅም ርቀት የሚዘጋጅ ሰው ቀበቶ ይግዛ፤ ማዳመጫውን ግን አይጣል። የሚያጓራ ፈረስ ያለው ሰው ገንዘቡን ለመለኪያ ከማውጣቱ በፊት ለካሜራው ያውጣ።

ሊገዛ የቆመ ሰው ደግሞ ማዳመጫውን በኪሱ ይዞ ይሂድ፤ የዕረፍት ምቱን ከመጋለቡ በፊት፣ ገና ከበረቱ ሳይወጣ ይቁጠር። ከግልቢያው በኋላም ሻጩ ፈረሱን ይዞ ለመሄድ ቢቸኩል፣ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት 10ኛው ደቂቃ እስኪሞላ ይጠብቅ።